ጉሩ ዱት ለምን በስምንት ፊልም ቆመ?

ህንዳዊው ጉሩ ዱት በዳይሬክተርነት (በአዘጋጅነት) ስሙን ያሰፈረባቸው ፊልሞች ስምንት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው በ1951፣ የመጨረሻው በ1959 ወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስምንተኛው ለሕዝብ ሲቀርብ ዱት ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላም ዓመታት ኖሯል፤ ተውኗል፣ ገንዘብ አውጥቶ ፊልም አሠርቷል። “ዳይሬክተር” በሚለው ቃል ሥር ግን ስሙን ዳግመኛ አላሰፈረም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ አንድ ሆደ ባሻ ሰው ታሪክ ነው፤ ትዳሩ ተናጋ፣ መጠጥ አበዛ፣ በ39 ዓመቱ ሞተ እየተባለ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ሰውየውን በአሟሟቱ ብቻ ማስታወስ ሥራውን አብሮ መቅበር ይመስለኛል። ዱት ምን እንደ ሠራና ለምን እንደ ቆመ ለመረዳት፣ በዚያ ዘመን የቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ፊልም በማን ገንዘብ ይሠራ እንደነበር፣ ዘፈንስ ለምን ይገባበት እንደነበር ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

የተወለደው በ1925 በባንጋሎር ከተማ ነው። የቤተሰቡ ስም ፓዱኮኔ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ኮንካኒ ነበር። ያደገው ግን ካልካታ በመሆኑ ቤንጋሊኛን እንደ አገሬው ይናገር ነበር፤ ብዙዎች እስከ ዛሬ የቤንጋል ሰው የሚመስላቸው ለዚህ ነው። ቤተሰቡ ኮሌጅ ሊያስገባው አቅም አልነበረውም። በ1942 ግን ታዋቂው የውዝዋዜ ሰው ኡዳይ ሻንካር በሂማላያ ተራሮች ሥር፣ በአልሞራ ከተማ ወዳቋቋመው የባህል ማዕከል ገብቶ ውዝዋዜ ተማረ። ማዕከሉ በጦርነቱ ዘመን ችግር ምክንያት በ1944 ሲዘጋ ካልካታ ተመልሶ ለጥቂት ጊዜ በአንድ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ሠራ። በዚያው ዓመት ፑኔ ከተማ የሚገኘው የፕራባት ፊልም ኩባንያ በሦስት ዓመት ውል ቀጠረው።

የውዝዋዜ ትምህርቱን አቅልለን እንዳናየው። ሰውነት በየትኛው ምት ላይ እንደሚዞር፣ በየትኛው ላይ እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ካሜራንም እንደዚያው ያንቀሳቅሳል። የዱትን ፊልም ያየ ሰው ካሜራው ወደ ተዋናዩ ፊት ሲጠጋ ከዜማው ጋር አብሮ እንደሚራመድ ልብ ይላል። ይህን በፊልም ቤት አልተማረውም።

ፕራባት ውስጥ አንድ ቀን ደቭ አናንድ የተባለ ወጣት ተዋናይ ከአጣቢው ዘንድ የጠፋበትን ሸሚዝ አንድ የማያውቀው ሰው ለብሶት ያገኛል። ለካ አጣቢያቸው አንድ ነው፤ ልብሳቸውን አለዋውጦባቸዋል። ሸሚዙን የለበሰው ዱት ነበር። በሸሚዙ ምክንያት ወዳጅ ሆኑና ቃል ተገባቡ፤ ደቭ አናንድ ፊልም የማሠራት አቅም ካገኘ ዱት እንዲያዘጋጅለት፣ ዱት ቀድሞ አዘጋጅ ከሆነ ደግሞ መሪ ተዋናዩ ደቭ አናንድ እንዲሆን። ደቭ አናንድ በ1949 ከወንድሙ ጋር ናቭኬታን የተባለ ኩባንያ አቋቋመ፤ ቃሉንም አልበላም። በ1951 የወጣው «ባዚ» የዱት የመጀመሪያ ፊልም ሆነ።

እዚህ ላይ ወደ ገንዘቡ ልሂድ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የህንድ ፊልም የሚሠራው በትልልቅ ስቱዲዮዎች ነበር። ተዋናዩ፣ ካሜራ ባለሙያው፣ ሙዚቀኛው፣ አናጢው ሳይቀር የወር ደመወዝተኛ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ከየአቅጣጫው ገንዘብ ያካበቱ ግለሰቦች ወደ ፊልም ገቡና ለታዋቂ ተዋናዮች ስቱዲዮዎቹ ሊከፍሉ የማይችሉትን ይከፍሉ ጀመር። እነ ፕራባትና ቦምቤይ ቶኪስ በሃምሳዎቹ ዓመታት ውስጥ ተዘጉ። በእነርሱ ቦታ የመጣው ፕሮዲዩሰር አንድ ቢሮ፣ አንድ ታሪክና ብዙ ዕዳ ያለው ሰው ነው። ባንክ አያበድረውም፤ መንግሥት ፊልምን በኢንዱስትሪነት የተቀበለው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1998 ነው። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ወደ አከፋፋዮች ይሄዳል። አገሪቱ በአከፋፋዮች ዘንድ በክልል በክልል ተከፋፍላለች፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የክልሉን መብት አስቀድሞ ይገዛል፤ ፊልሙ የሚሠራው በዚያ ቀብድ ነው።

ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቀው ታሪኩ ምን እንደሆነ አይደለም። ማን ይተውናል? ዜማውን ማን ሠራ? ዘፈኖቹ ስንት ናቸው? የሚያስቅ ሰው አለበት? ዘፈን መያዣ ነበር ማለት ይቻላል። ፊልሙ ሳይወጣ ዘፈኑ ቀድሞ ይሸጣል፣ በሬዲዮም ይሰማል። የህንድ መንግሥት ሬዲዮ በ1952 የፊልም ዘፈንን ሲያገል እንኳን አድማጩ ሬዲዮኑን ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ጣቢያ አዞረ እንጂ ዘፈኑን አልተወም። እናም ዘፈን የሌለበት ፊልም እሠራለሁ የሚል አዘጋጅ ገንዘብ አላገኝም እንደማለት ነበር። ለአንድ ቁም ነገረኛ አዘጋጅ የቀረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ካልቀረ ግዴታ ምን ልሥራበት?

አሠራሩንም በአጭሩ ላስረዳ። በፊልሙ ላይ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ተዋናይ አይዘፍንም። ዘፋኙ ወይም ዘፋኟ አስቀድመው በስቱዲዮ ይቀዳሉ፤ በቀረጻው ቀን ድምፁ በማጉያ ይለቀቅና ተዋናዩ አፉን ከቃላቱ ጋር ያስማማል። ብዙ አዘጋጆች የዘፈኑን ክፍል ለውዝዋዜ አሠልጣኙ ትተውት እነርሱ ታሪኩን ብቻ ይዘው ይሄዱ ነበር። በእኛም አገር በቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ዘፈን ሲጀመር ታሪኩ ቆሞ እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ወጣ ብሎ ሻይ ቢጠጣ የሚያመልጠው ነገር የለም። በዱት ፊልም እንዲህ ያደረገ ሰው ግን ሲመለስ ታሪኩ ጥሎት ሄዷል።

«ባዚ» ላይ ያለውን አንድ ዘፈን እንይ። ገጣሚው ሳሂር ሉዲያንቪ የጻፈው ግጥም በጋዛል መልክ የተሠራ ነበር፤ ጋዛል ደግሞ ዘወትር በእርጋታ የሚዜም የፍቅርና የቁዘማ ግጥም ነው። የዜማ ደራሲው ኤስ ዲ ቡርማን ግን ጊታር ጨምሮ የምሽት ክበብ ዜማ አደረገው። ዘፋኟ የፊልሙን ጀግና፣ ቁማርተኛውን ወጣት ትገፋፋዋለች፤ የተበላሸውን ዕድልህን በብልሃትህ አቃናው፣ በራስህ የምትተማመን ከሆነ አስይዝ ትለዋለች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ሰውየው ያመነታል፣ ያያል፣ ይወስናል። ይህ የሆነው በንግግር ሳይሆን በዘፈኑ ውስጥ ነው። ድምፁ የጊታ ሮይ ነበር፤ ዱት ከእርሷ ጋር የተዋወቀው በዚሁ ፊልም የዘፈን ቀረጻ ሲሆን በ1953 ተጋቡ።

ከዚያ በኋላ በሠራቸው ፊልሞች ሌላ ነገር አመጣ። የተለመደው ዘፈን በረጅም የሙዚቃ መግቢያ ይጀምራል፤ ተመልካቹ ዘፈን ሊመጣ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል። ዱት በብዙ ቦታ መግቢያውን ቆረጠው። ሰው እየተናገረ፣ የንግግሩ ጫፍ ወደ ዜማ ይዞራል። በ1954ቱ «አር ፓር» ጀግናው የታክሲ ሹፌር ነው፤ የሚዘፍነውም ጋራዥ ውስጥ፣ በመኪናዎች መካከል ነው። በዚያው ፊልም ላይ ጸሐፊው አብራር አልቪ ገጸ ባሕርያቱን እንደየመጡበት አገርና እንደየሥራቸው እንዲናገሩ አደረጋቸው። ከዚያ በፊት የፊልም ሰው ሁሉ የመድረክ ቋንቋ የሚናገር ነበርና ይህ ለጆሮ አዲስ ነገር ሆነ።

አልቪ ዱት ካሰባሰባቸው ሰዎች አንዱ ነው። የሰው ዓይን ነበረው ዱት። «ባዚ» በሚቀረጽበት ጊዜ ቪ ኬ ሙርቲ የተባለ ረዳት ካሜራ ባለሙያ አንድ አስቸጋሪ ምስል በመስታወት ነጸብራቅ ጀምሮ ካሜራውን ወደ ተዋናዩ ማዞር እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ፈቀዱለት፤ ሠራው። ዱት በሚቀጥለው ፊልም ዋና ካሜራ ባለሙያ አደረገው፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው አልተለያዩም። ጆኒ ዎከር በሚል ስም የታወቀው ኮሜዲያን የቦምቤይ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ዱት ፊት እንደ ሰካራም ሆኖ ቀርቦ ሁሉንም አሳቀ፣ ሥራውንም አገኘ። መጠጥ ግን በአፉ የማይዞር ሰው ነበር። ዋሂዳ ረህማንን ደግሞ ሃይደራባድ ሄዶ አገኛት፤ በቴሉጉ ቋንቋ በተሠራ ፊልም ውስጥ ባሳየችው ውዝዋዜ ስሟ መነሣት ጀምሮ ነበር። እርሱ ፕሮዲዩሰር በሆነበትና ራጅ ኮስላ ባዘጋጀው የ1956ቱ «ሲ አይ ዲ» የሂንዲ ፊልምን ተቀላቀለች።

ስለ ሌንስም አንድ ነገር ልበል። በዘመኑ የተለመደው 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ሌንስ ነበር፤ የሰው ዓይን እንደሚያየው ያሳያል። ዱት የሚወደው 75 እና 100 ሚሊ ሜትሩን ነው። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ከፊቱ በስተኋላ ያለው ነገር እየደበዘዘ ፊቱ ብቻውን ይቀራል፤ ዓይን ትንሽ ሲርገበገብ እንኳን ይታያል። እርሱ የሚያምነው ትወና ከዓይን እንደሚጀምር ነው።

ሁሉም አልተሳካለትም። በ1953 ራሱ መሪ ተዋናይ የሆነበት የመጀመሪያው ፊልም «ባዝ» ገበያ አላገኘም። «አር ፓር»፣ ከተዋናይቷ ማድሁባላ ጋር የተወነበት አስቂኙ «ሚስተር ኤንድ ሚሲዝ 55» እና «ሲ አይ ዲ» ግን ተወደዱ። በዚህ ጥሪት ላይ ቆሞ ነው ለዓመታት መሳቢያው ውስጥ ወደነበረው ታሪክ የተመለሰው። በ1947 የፕራባት ውሉ አልቆ፣ ሥራ አጥቶ እናቱ ቤት በተቀመጠበት ጊዜ የጻፈው ነበር።

ፊልሙ «ፕያሳ» ይባላል፤ በ1957 ወጣ። ስሙ ለአዲስ አበባ ሰው ጆሮ ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ በሂንዲ ግን “የተጠማ” ማለት ነው። ቪጄይ የተባለ ገጣሚ ግጥሙን የሚያትምለት አጥቷል፤ ወንድሞቹ የግጥም ወረቀቱን እንደ ውራጅ ወረቀት በኪሎ ይሸጡበታል። ወረቀቱን የገዛችው በሴተኛ አዳሪነት የምትተዳደረው ጉላቦ ናት፤ ግጥሙን በቃሏ ይዛዋለች። በኋላ ቪጄይ ሞተ ተብሎ ይወራል፤ ጉላቦ ያላትን ሸጣ መጽሐፉ እንዲታተም ታደርጋለች፤ መጽሐፉም አገር ያዳርሳል። በሕይወት ሳለ ፊት የነሱት ሁሉ አሁን ስሙን ለመሸጥ ይሻማሉ። ሰውየው ግን አልሞተም።

ሚናውን ሊጫወት የታሰበው ትልቁ ተዋናይ ዲሊፕ ኩማር ነበር። በቀረጻው የመጀመሪያ ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ ዱት ራሱ ገባበት። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። ዲሊፕ ኩማር ሐዘንን እንደ ንጉሥ ይሸከመዋል፤ ዱት ግን ፊቱ የተራ ሰው ፊት ነው፤ የተራበውም በእውነት ይመስላል።

ከፊልሙ መካከል ደግሜ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ቦታ አለ። ቪጄይ ሰክሮ በሴተኛ አዳሪዎች መንደር ጠባብ መንገድ ይሄዳል። በአንዱ ቤት አንዲት ሴት እየጨፈረች የታመመ ሕፃኗ በጓዳ ሲያለቅስ ይሰማታል፤ ደንበኞቹ ግን ጨፍሪ ይሏታል። ቪጄይ ወጥቶ ግድግዳ እየተደገፈ ይዘፍናል። ግጥሙ ቀድሞውኑ የሳሂር ነበር፤ ከፊልሙ በፊት በመጽሐፍ የወጣና በፋርስኛ ቃላት የተሞላ ነው። ዋናው ስንኝ በመጀመሪያ መልኩ የምሥራቅን ቅድስና የሚያወድሱት የት አሉ የሚል ነበር። ለፊልሙ ሲባል ሳሂር ራሱ ለወጠው፤ በህንድ የሚኮሩ እነዚያ የት ናቸው አለ። በግእዝ ቃላት የታጨቀን ቅኔ ወደ ሰፈር አማርኛ እንደ መመለስ ያለ ሥራ ነው፤ ትርጉሙ አልቀለለም፣ ይልቁንም ስለቱ ወጣ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና አሥር ዓመቷ ነው፤ ይህ ጥያቄ በሙሉ አዳራሽ ፊት በዘፈን ተጠየቀ። አከፋፋዩ የጠየቀው ዘፈን ይኸው ተሰጠው።

መጨረሻ አካባቢ ለ“ሟቹ” ገጣሚ የመታሰቢያ ጉባኤ ይደረጋል። ከአዳራሹ በስተኋላ በር ይከፈትና አንድ ጥላ ሁለት እጁን በሩ ላይ ዘርግቶ ይቆማል። ብርሃኑ ከጀርባው ስለሆነ ፊቱ አይታይም። መዝፈን የሚጀምረው ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ሰው ነው፤ አዳራሹ ዞር ዞር እያለ ድምፁን ይፈልጋል። ዜማው እየጎላ ሄዶ፣ ይህ ዓለም ቢገኝስ ምን ይረባል ወደሚል ጩኸት ይደርሳል። ሙርቲ ብርሃኑን ባያስቀምጥ፣ ዱት ዝምታውን ባያስረዝመው ይህ ተራ የመድረክ ንግግር ይሆን ነበር። በዚሁ ፊልም ውስጥ ጆኒ ዎከር የቅባት ጠርሙስ ይዞ፣ ራሳችሁን ልሽላችሁ እያለ የሚዘፍነው አስቂኝ ዘፈንም አለ። እርሱም የነጋዴውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ግን የሚያሳየን ያችኑ ድሃ የምትኖርባትን ከተማ ነው።

«ፕያሳ» ገበያ ላይም ተሳካለት። ዱት ቀጣዩን ፊልም በድፍረት የጀመረው ለዚህ ይመስለኛል።

«ካጋዝ ኬ ፉል»፣ ማለትም “የወረቀት አበቦች”፣ በ1959 ወጣ፤ በሲኒማስኮፕ የተሠራ የመጀመሪያው የህንድ ፊልም ነው። ሲኒማስኮፕ ማለት ልዩ ሌንስ ምስሉን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ በተለመደው የፊልም ጥቅል ላይ ያሳርፈዋል፤ ሲኒማ ቤቱ ደግሞ በሌላ ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል። ስፋቱ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ያልፋል። ታሪኩ የሱሬሽ ሲንሃ የተባለ ታዋቂ የፊልም አዘጋጅ ነው፤ ያገኛት ወጣት ኮከብ ትሆናለች፣ እርሱ ይወድቃል፣ በመጨረሻም በባዶ ስቱዲዮ ውስጥ በአዘጋጅ ወንበር ላይ ይሞታል።

በፊልሙ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች በጨለመ ስቱዲዮ ተራርቀው የቆሙበት ቦታ አለ። ከጣሪያው አንድ ወፍራም የብርሃን ዘንግ ይወርዳል። አንዳቸውም ከንፈራቸውን አያንቀሳቅሱም፤ ዘፈኑ ከጀርባ ይመጣል፤ ይህ ራሱ ከደንቡ መውጣት ነው። የምትዘፍነው ጊታ ናት፣ የዱት ባለቤት። ያ ብርሃን የመብራት ብርሃን አይደለም። ሙርቲ አንድ ትልቅ መስታወት ከስቱዲዮው ውጭ አቁሞ ፀሐይን ያዘ፤ ወደ ውስጥ፣ ከፍ ብሎ ወደተቀመጠ ሌላ መስታወት ላከው፤ ያኛው ወደ ታች መለሰው። ጭስ ሲገባበት ብርሃኑ የሚጨበጥ ነገር መሰለ። ፀሐይ አትቆምምና የውጭውን መስታወት እየተከታተሉ ማዞር ግድ ነው። ስቱዲዮ መብራት ጨረሩን ሲበትነው፣ ከሩቅ የመጣው የፀሐይ ብርሃን ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ፊልሙ ወደቀ፤ ክፉኛ ወደቀ። ለምን? የእኔን ግምት ልናገር። በ«ፕያሳ» ተመልካቹ የሚያዝነው ለተራበ ሰው ነው፤ እዚህ ግን መኪናና ዝና ላለው አዘጋጅ እንዲያዝን ተጠየቀ። የሱሬሽ አማቾች የሚቀልዱባቸው ክፍሎችም ከሐዘኑ ጋር አይገጥሙም፤ ፊልሙን የምወደው እኔም በእነርሱ ቦታ እሰለቻለሁ። ከዚህ በላይ ግን ገንዘቡን እንመልከት። ዱት ዳይሬክተር ብቻ አልነበረም፤ ፕሮዲዩሰርም መሪ ተዋናይም እርሱ ነው። የስቱዲዮ ደመወዝተኛ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው የስቱዲዮው ይሆንና በሚቀጥለው ወር ሌላ ፊልም ይሰጠው ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ኪሳራው በእርሱ ራስ ላይ ወደቀ፤ የኩባንያው ሠራተኞች ደግሞ እንጀራቸው በሚቀጥለው ፊልም ላይ ነው። ለሚቀጥለው ፊልም ቀብድ የሚሰጠው ነጋዴም የመጨረሻውን ኪሳራ ያያል። ስሙን ከዳይሬክተርነት ያነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ውሳኔ የስሜት ብቻ ነበር ብሎ ማለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ወዲያው በ1960 ኩባንያው «ቻውድቪን ካ ቻንድ» የተባለ የፍቅር ፊልም አወጣ። አዘጋጁ ኤም ሳዲቅ ነው፤ ዱት መሪ ተዋናይ ሆነ። ገበያው ደራ፣ ኩባንያውም ተነፈሰ። በ1962 ደግሞ ከቢማል ሚትራ የቤንጋሊ ልብ ወለድ የተወሰደው «ሳሂብ ቢቢ አውር ጉላም» መጣ፤ በዚህ ፊልም ሜና ኩማሪ ባሏን ቤት ለማዋል ስትል ከእርሱ ጋር መጠጣት የጀመረች እመቤት ሆና ትወናዋን ከፍ አድርጋዋለች። በአዘጋጅነት የተጻፈው የአብራር አልቪ ስም ነው። ፊልሙን በእርግጥ ማን አዘጋጀው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አልቪ ዱት የሠራው ዘፈኖቹን ብቻ እንደሆነና ሌላው የራሱ እንደሆነ ተናግሯል። እኔ አልቪን አምነዋለሁ። ካሜራው የሙርቲ፣ አሠራሩ ለዓመታት አብረው ያዳበሩት ስለሆነ ፊልሙ የዱትን መምሰሉ አያስገርምም፤ ዘፈኖቹ ላይ ብቻ እንኳን እጁ ካለ፣ እጁ ያለው ዋናው ቦታ ላይ ነው።

ጉሩ ዱት ኦክቶበር 10፣ 1964 ቦምቤይ በሚገኘው መኖሪያው ሞቶ ተገኘ፤ አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት ተደባልቀው ነበር። ታስቦበት ይሁን በስህተት፣ ቤተሰቡና ወዳጆቹ የተለያየ እምነት አላቸው። ጊታም በ1972 ገና በ41 ዓመቷ አረፈች።

የወደቀው ፊልም ቀስ በቀስ ተነሣ። የፊልም ተማሪዎች የብርሃኑን ትዕይንት እያስቆሙ ያዩታል፤ ታይም መጽሔት «ፕያሳ»ን በ2005 ባወጣው የመቶ ታላላቅ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አካተተው። ሙርቲ ከዱት ሞት በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሠርቶ ሲያረጅ፣ የህንድ መንግሥት ለፊልም ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር፣ የ2008ን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት ሰጠው። ሽልማቱን በእጁ ሲቀበል ዕድሜው ከሰማንያ አምስት አልፎ ነበር። ይህን ሽልማት ካሜራ ባለሙያ ሲያገኝ እርሱ የመጀመሪያው ነው።